እኔም ብሆን አስረው ነበር

ልጆቼ ቴሌቪዥን ላይ ፖሊስና ሌባ የሚባረሩበት ፊልም ሲከፍቱ ተነሥቼ ደጅ እወጣለሁ። «አባባ ሽጉጥ ይፈራል» እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ። እኔ የምፈራው ሽጉጡን አይደለም። ወዳጅ መስሎ የሚገባውን ሰውዬ ነው ማየት የማልችለው፤ ሌላውን ሁሉ እችለዋለሁ። ለምን እንደሆነ ለልጆቼ ነግሬያቸው አላውቅም። ፊት ለፊት ተቀምጬ የምናገረው ነገር ስላልሆነ እዚህ ልጻፈው።

ጊዜው የንጉሡ ዘመን ነው። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። የከብት ክትባት ሥራ ጥቂት ወራት ተማርኩና ከሸዋ ወደ አገው ምድር ተመደብኩ። ተመደብኩ ማለት የመሥሪያ ቤት ቋንቋ ነው እንጂ ተጣልኩ ብል ይቀለኛል። እንጅባራ ያኔ በመኪናው መንገድ ዳርና ዳር የተቀመጡ ጥቂት የቆርቆሮና የሣር ቤቶች ነበረች። ከመኪና ስወርድ ይዘንብ ነበር፤ በማግስቱም ይዘንብ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ልብ ማለቱንም ተውኩት። የተሰጠኝ አንድ በቅሎ፣ አንድ የመርፌ ሣጥንና ሁለት ብርድ ልብስ ነው። በዚህ ከእንጅባራ እስከ አዘና ያለውን ከብት ወግተህ ጨርስ ተባልኩ።

በሽታው ደስታ ይባላል። የከብት ፈጅ የሆነውን በሽታ ማን ደስታ ብሎ እንደሰየመው እንጃ፤ ስሙን ብናሳምርለት ይራራልን ይሆናል ብለው ይሆናል። አይራራም። በረት ከገባ በረቱን ባዶ አድርጎ ነው የሚወጣው። ከብቱ ዓይኑ ያለቅሳል፣ አፉ ይቆስላል፣ ለሃጩ ይዝረበረባል፣ ከዚያ ተቅማጥ ይይዘውና በሳምንት ውስጥ ያልቃል። ከያዘ ወዲያ መድኃኒት የለውም። ያለው መላ ሳይይዝ ቀድሞ መውጋት ብቻ ነው።

ሥራው አልከበደኝም፤ የከበደኝ ብቸኝነቱ ነው። ሰዉ ጠልቶኝ እንዳይመስላችሁ። እንዲያውም የገደለኝ ጨዋነታቸው ነው። እሳት ዳር ተቀምጠው በአገውኛ ሲሳሳቁ እደርሳለሁ፤ ወዲያው ለእኔ ብለው ወደ አማርኛ ይዞራሉ። ወደ አማርኛ ሲዞሩ ደግሞ ወሬው ያልቃል። «እንዴት ዋልህ?» «እግዜር ይመስገን።» «ዝናቡስ?» «አለ።» ከዚያ ሁላችንም እሳቱን እናያለን። በሩን አልፌ ስወጣ ሳቁ ከኋላዬ እንደገና ይነሣል። በእኔ እንደማይስቁ አውቃለሁ። በእኔ ቢስቁ ይሻለኝ ነበር።

ከዚህ ያወጣኝ አንድ ሰው ነው። ዘንገና ሐይቅ አጠገብ የሚኖር፣ ዕድሜው ወደ አምሳ የሚጠጋ ገበሬ ነበር። ልጆቹን ድሮ ኩሎ ከሚስቱ ጋር ብቻውን ቀርቶ ነበርና ትርፍ ጎጆውን ሰጠኝ። ጋሼ እለው ነበር። አማርኛውም አገውኛውም በአንድ አፍ ይፈስለታል፤ ስለዚህ ሳልቀጥረው አስተርጓሚዬ ሆነ። ከብት ስወጋ ቀንድ የሚይዝልኝ እሱ ነው። ጠባብ የቀርከሃ አጥር ሠርተን ከብቱን አንድ በአንድ እናሳልፋለን፤ ተዋጊ በሬ ሲመጣ ጋሼ ጆሮው ሥር በአገውኛ የሆነ ነገር ያንሾካሹክለታል፣ በሬውም ቀጥ ይላል። «ምን አሉት?» ብዬ ብጠይቀው «ስለ አንተ ነው የነገርኩት፤ ይሄ ልጅ ከሸዋ ድረስ የመጣው አንተን ብሎ ነው፣ አታሳፍረው አልኩት» ይለኛል። የላም ሐኪም ነበር የሚለኝ። «ሐኪም ስትባል ደስ አይበልህ፤ በሽተኞችህ አፍ ስለሌላቸው ነው ያላማረሩብህ።»

ማታ ማታ ሦስታችን ከአንድ ገበታ የዳጉሳ እንጀራ በድንች ወጥ እንበላለን። ሚስቱ ጥሩውን ወደ እኔ ስትገፋ እሱ ወደ ራሱ ይመልሰዋል፤ እኔ እነጥቀዋለሁ። ከእናቴ ቤት ከወጣሁ ወዲህ ገበታ ላይ የነጠቀኝም የነጠቅሁትም ሰው አልነበረም። በዚያ ቤት ስምንት ወር እንዲህ ኖርኩ። ደስተኛ ነበርኩ ብል ማጋነን አይሆንም።

በዚያ ዓመት በሽታው ከጫግኒ ወዲያ ቆላው ላይ ገባ። መንግሥት ትእዛዝ አወጣ፦ ከቆላ ወደ ደጋ አንድም ከብት እንዳይወጣ። መንገዱ ላይ ኬላ ተተከለ። እኔም እንደ ሌሎቹ የክትባት ሠራተኞች፣ ከቆላ የወጣ ከብት ባየሁ ሰዓት ዳንግላ ላለው መሥሪያ ቤት ላስታውቅ በፊርማዬ አረጋገጥኩ። የተገኘ ከብት ይወረሳል፣ ያመጣው ሰውም ይታሰራል። ትእዛዙ ትክክል ነበር። አንድ የታመመ በሬ ደጋውን ሁሉ ሊፈጅ ይችላል።

አንድ ቀን ከጋሼ ቤት ወደ ጫካው ጥግ ወጣ ስል ስድስት ከብት አየሁ። ሁለት በሬ፣ ሦስት ላምና አንዲት ጊደር። ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም፤ ጠጉራቸው አጭር ነው፣ መዥገር አለባቸው፣ ብርዱን ያልለመዱ ስለሆኑ ተጠጋግተው ቆመዋል። የቆላ ከብቶች ናቸው። ጋሼ አጠገባቸው ሣር እያጨደ ነበር። ቀና ብሎ አየኝና ማጭዱን አስቀመጠ።

«የእህቴ ናቸው» አለኝ። «ካንተ አልደብቅም። ባሏ አምና ክረምት ሞተባት። ያላት እነዚህ ስድስቱ ናቸው፤ ከታች ደግሞ የጎረቤቷ በረት እያለቀ ነው። በጫካው መንገድ አመጣኋቸው።»

እህቱን ካንድ ቀን በፊት ቤት ውስጥ አይቻት ነበር፤ ለጥየቃ የመጣች መስሎኝ ነበር። አማርኛዋ ጥቂት ነው። ሰው ሲያያት የነጠላዋን ጫፍ የምትጠቀልል ዝምተኛ ሴት ነበረች።

ከመጡ ስንት ቀን እንደሆናቸው ጠየቅሁት። አራት አለኝ። የሁሉንም ዓይን ገልጬ አየሁ፣ አፋቸውን ከፍቼ ድዳቸውን ዳሰስኩ። ደኅና ናቸው። ቆም ብዬ አሰብኩ፤ አላሰብኩም ብል ውሸት ነው። ብናገር እነዚህ ስድስት ይወረሳሉ፣ ጋሼ ይታሰራል፤ ዝም ብልና ከታመሙ ደግሞ አገር ያልቃል። መካከለኛ መንገድ አለው፦ ለይቶ ማቆየት፣ ከዚያ መውጋት።

«ሁለት ሳምንት ከዚህ አይነቃነቁ» አልኩት። «ከእርስዎ ከብት ጋር በአንድ ውኃ አይጠጡ። እኔ በየቀኑ አያቸዋለሁ። ካልታመሙ፣ ክትባቱ ሲመጣ አብሬ እወጋቸዋለሁ። ከዚያ ወዲያ የደጋ ከብት ናቸው። እኔ ምንም አላየሁም።»

«ምንም አላየህም?» አለ። «ታዲያ ምኑን ነው የምትወጋው?»

ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ ቀን ጀምሮ እህቱ ከላሞቿ ያንዷን ወተት ጠዋት ጠዋት ታመጣልኝ ጀመር። የኮንትሮባንድ ወተት ብዬ ቀለድኩ፤ ጋሼ ተረጎመላትና አፏን ሸፍና ሳቀች። ቀኑ እየሄደ ከብቶቹ ደኅና ሆኑ። ክትባቱ በበረዶ ታሽጎ ከደብረ ማርቆስ በሚቀጥለው ሳምንት እንደሚመጣ መልእክት ደረሰኝ። ነገሩ ሊያልቅ ጥቂት ቀን ነበር የቀረው።

ከዚያ በፊት በነበረው የዳንግላ ገበያ ቀን ጋሼና እኔ በኤንትሬ የጭነት መኪና ተጭነን ሄድን። እኔ ከመሥሪያ ቤት መርፌ ልቀበል፣ እሱ ማረሻ ሊገዛ። ገበያው ዳር የሲኒማ መኪና ቆማለች፣ በድምፅ ማጉያ ሰው ትጠራለች። ከዚያ በፊት የምታሳየው ስለ ዝንብና ስለ መጸዳጃ ቤት ነበር። ያን ቀን ግን የሲኒማው ሠራተኛ ለሹማምንቱ ብሎ የፖሊስ ፊልም ይዞ መጥቷል። ፀሐይ ስለሆነ ውጭ አይታይም፤ አንድ የእህል መጋዘን ተለመነ፣ መስኮቶቹ በብርድ ልብስ ተጋረዱ፣ ግድግዳው ላይ አቡጀዲ ተወጠረ። ሹማምንቱ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ ገበያተኛው ከኋላ ጆንያ ላይና መሬት ላይ ሞላ።

ፊልሙ የሚናገረው በእንግሊዝኛ ነው። «እንግሊዝኛ የሚያውቅ አለ?» ሲባል እጄን አነሣሁ። የስምንተኛ ክፍል እንግሊዝኛ ነበረኝ፤ ግማሹን በግምት ነው የምሰማው። ግን እውነቱን ልናገር፦ ያን ያህል ሰው አፌን እያየ የምናገርበት ቀን ናፍቆኝ ነበር። ዐይን አፋር መሆን የሚያዳምጠው ሰው ላለው ነው። ጆንያ ላይ ወጣሁ። አማርኛ የማይሰማው ብዙ ስለሆነ ጋሼን ጎትቼ አጠገቤ አቆምኩት። እኔ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ፣ እሱ ከአማርኛ ወደ አገውኛ። ፊልሙ በሁለት አፍ እያለፈ ለሰው ደረሰ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ባሕር ዳርቻ ያለ ትልቅ ከተማ፣ መርከብ፣ ባርኔጣ ያደረጉ ሰዎች። ሽፍቶች ሰው የሚያሳብድ ነጭ ዱቄት በዓሣ ቆርቆሮ ውስጥ ደብቀው ያስገባሉ። መንግሥት ሁለት ፖሊሶች ነጋዴ አስመስሎ ወደ መካከላቸው ይልካል። አንደኛው ቶሎ ይሞታል። ሁለተኛው ከሽፍቶቹ አለቃ ጋር ይወዳጃል። አለቃው ወፍራም፣ ሳቂታ ሰው ነው፤ ሰዉ ገና ሲያየው ወደደው። «ዱቄቱን ገዝቶ የሚያብደው ማነው?» ብለው ጠየቁኝ። «ሀብታም» አልኳቸው። «እንግዲያ ይበድ» አለ አንዱ፣ ሳቁ።

ከዚያ አለቃው ወንድ ልጅ ወለደ። ፖሊሱ ሕፃኑን ታቅፎ ቤተ ክርስቲያን ቆመ፤ ክርስትና አነሣው። ይህን ስናገር መጋዘኑ ውስጥ የደስታ ማጉረምረም ተሰማ። አበልጅ ሆኑ። በዚያ አገር አበልጅ ማለት ከሥጋ ዘመድ ይበልጣል፤ ወንድምህን ልትከሰው ትችላለህ፣ አበልጅህን አትከሰውም። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ሰዉ የጠበቀው አንድ ነገር ነው፦ ፖሊሱ መንግሥትን ትቶ እውነቱን ለአበልጁ የሚነግርበትን ሰዓት። ጋሼ ራሱ እየተረጎመ ድምፁ ለሰለሰ።

አልነገረውም። በመጨረሻው ላይ አለቃው ቤቱ ግብዣ አድርጎ፣ ሥጋውን ቆርጦ ለአበልጁ ሲያቀርብ፣ ሰውዬው ከኮቱ ውስጥ ሽጉጥ አወጣ። ፖሊሶች በበሩ ገቡ። አለቃው በካቴና ሲወጣ ሚስቱ ሕፃኑን ታቅፋ ቆማለች። የሲኒማው ሞተር ጸጥ አለ። አንድ ሰው ብርድ ልብሱን ከመስኮቱ አነሣና ብርሃን ገባ።

አንድ ሽማግሌ በትራቸውን ተደግፈው ተነሡና ጠየቁኝ።

«አበልጁን ነው ያሳሰረው?»

«አዎ፣ አባቴ።»

«ክርስትና ሲያነሣለት ጊዜ ያውቅ ነበር?»

«ያውቅ ነበር።»

«ሥጋውን ሲያጎርሰውም?»

«አዎ።»

ከንፈራቸውን መጠጡ። ከጎናቸው ያለው ሰው ቀጠለ። በዚያ አገር ስርቆት ሲደርስ አውጫጭኝ ይቀመጣሉ፤ አገሩ ሁሉ ሜዳ ላይ ይሰበሰብና ሌባው እስኪታወቅ ማንም ቤቱ አይገባም። ያየ ሰው ማንነቱ ሳይታወቅ ለሽማግሌ ሹክ ይላል፣ ያንን ሰው ወፍ ይሉታል። «ወፍም ቢሆን እኮ» አለ ሰውየው፣ «ዛፍ ላይ ሆኖ ነው የሚያየው። ከገበታ ቀርቦ እየጎረሰ የሚያይ ወፍ የት አለ? የመንግሥት ሰው እንዲህ ነው እንዴ?»

«የመንግሥት ሰው» ሲል ሁሉም እኔን አየ። ይባስ ብሎ ፊት የተቀመጡት ሹማምንትም ወንበራቸውን አዙረው አዩኝ። አንደኛው ፊርማዬ እሱ ጋ ያለ ሰው ነው። ደሜ ሞቀ። ፈራሁ መሰለኝ፤ ከፍርሃቱ ጋር ደግሞ ጆንያ ላይ የቆመ ሰው ኩራት ነበረብኝ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል፤ እኔ ግን ከፈትኩት።

«ሕግ ሕግ ነው» አልኩ ጮክ ብዬ። «መንግሥት አምኖ የላከው ሰው ምን ያድርግ? አበልጅም ይሁን፣ ወንድምም ይሁን፣ ያበላው ያጠጣውም ይሁን፣ ሕግ ያፈረሰ ይታሰራል። እኔም ብሆን አስረው ነበር።»

ያ ሹም አጨበጨበ። ሌሎቹም ተከተሉት። ደስ አለኝ፤ ይህንንም መናገር አለብኝ፣ ደስ አለኝ።

ከኋላ ያለው ሰው ጋሼን ይጠብቃል። ጋሼ አየኝ። ከዚያ ወደ ሰዉ ዞረና ተረጎመ። የተናገረው ከኔ በጣም ያጠረ ነበር። ምን እንዳለ አላውቅም፤ ሰዉ ግን አንድ በአንድ ተነሥቶ ወጣ።

ስንመለስ መኪናው ላይ እኔ ብቻ ነበርኩ የማወራው። ፊልም እንዴት እንደሚሠራ፣ ሽጉጡ እውነተኛ እንዳልሆነ፣ የሞቱት ሰዎች ተነሥተው ምሳ እንደሚበሉ አስረዳሁት። ማረሻውን ጭኑ ላይ አስቀምጦ መንገዱን ያይ ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ ጠየቀኝ።

«ያ ሰውዬ፣ አሳሪው፣ ሰውየውን ይወደው ነበር?»

«ይወደው ነበር መሰለኝ» አልኩት።

«እህ» አለ።

ደክሞታል ብዬ ነው ያለፍኩት። አይ እኔ! የሚያወራኝ ሰው ለማግኘት ስመኝ ኖሬ፣ ያገኘሁት ሰው ዝም ሲል አልሰማሁትም።

በማግስቱ ክትባቱን የያዘው መኪና መቼ እንደሚደርስ ስለማይታወቅ እንጅባራ ሄጄ ጠበቅሁ። ሦስተኛው ቀን ላይ መጣ። የበረዶውን ሣጥን በበቅሎ ጭኜ በንጋታው ማለዳ ዘንገና ደረስኩ። ከብቱ በቀርከሃው አጥር ተሰልፎ ነበር፤ ጋሼም ቀንድ ሊይዝ መጥቷል። ይህ ክትባት ከተበጠበጠ በኋላ ዕድሜው የግማሽ ቀን ነው፣ ከዚያ ይሞታል። ስለዚህ እየተቻኮልን ወጋን። ስበጠብጠው የስድስት ከብት አስተርፌ ነው የበጠበጥኩት።

የመንደሩ ከብት ሲያልቅ መርፌዬን ይዤ ወደ ጫካው ጥግ ሄድኩ። ሣሩ ተግጧል። እበቱ ደርቋል። ማሰሪያው ችካል ተነቅሏል። ሮጬ ተመለስኩ።

«ጋሼ፣ ከብቶቹስ?»

«የምን ከብት?» አለኝ። «እርስዎ ያዩት ከብት አለ?»

እርስዎ አለኝ። ሃያ ሦስት ዓመት የሆነኝን፣ ከገበታው ጉርሻ የሚነጥቀኝን። ያኔ ነው የገባኝ። ከዳንግላ በተመለስን በማግስቱ፣ እኔ እንጅባራ እያለሁ፣ እህቱ ከብቶቿን ነድታ በመጡበት የጫካ መንገድ ወደ ቆላው ወርዳለች። የመንግሥት ሰው ከሚወስዳቸው እግዜር ያመጣው ይሻላል ብለው።

ለመንኩት። መርፌው እጄ ላይ ነው፣ ሰዓቱ እየሄደ ነው፣ በቅሎዬ ብርቱ ናት፤ የት እንዳረፈች ቢነግረኝ ወይም አብሮኝ ቢመጣ አዲስ ክትባት ይዤ እደርስባታለሁ አልኩ። «በየት በኩል ነው የወረደችው? ቤቷ የት ጋ ነው? ማን አብሯት አለ?» እያልኩ እጠይቃለሁ። እሱ ያየኛል። በጠየቅሁት ቁጥር የፊልሙን ሰውዬ እየመሰልኩ እንደሄድኩ ራሴም ይሰማኛል፤ ግን ማቆም አቃተኝ።

«አላውቅም» አለኝ። «እህት አለችኝ እንዴ?»

የተረፈውን ክትባት ሲሞቅ መሬት ላይ ደፋሁት።

ያን ቀን ምሳ ሲቀርብ በርጩማ ላይ አስቀመጡኝ። ሚስቱ እጄን አስታጠበችኝ። ገበታው ሙሉ ለኔ ብቻ ቀረበ፤ ዶሮ ታርዶልኝ ነበር። ባልና ሚስቱ ግድግዳውን ተደግፈው ቆመው «ይብሉ፣ ይብሉ» ይሉኛል። «ኑ እንብላ» አልኳቸው። «እኛ በልተናል» አሉ። ለመንግሥት ሹም የሚደረገው ክብር አንድም ሳይጎድል ተደረገልኝ። እንደ ጳጳስ ብቻዬን በላሁ። ምግቡ አልወርድ እያለኝ በላሁ፤ ብተወው ደግሞ ምን ይሉ ይሆን ብዬ ፈርቼ። ከዚያ ቀን ወዲህ ገበታው ላይ የነጠቀኝ የለም።

ወር ሳይሞላ እህቱ መጣች። ብቻዋን። ትከሻዋ ላይ የከብት ገመድ ጠምጥማለች፣ ስድስት ገመድ። ደጃፉ ላይ ቁጭ ብላ ታለቅሳለች፣ በአገውኛ ነው የምታለቅሰው፣ ግን ለቅሶ አስተርጓሚ አይፈልግም። እኔን ስታይ ፊቷን ጠረገችና አጎንብሳ ተነሣችልኝ። ብትረግመኝ፣ ብትተፋብኝ ምንኛ ደስ ባለኝ። እሷ ግን ለመንግሥት ሰው ተነሣች።

ጋሼን ብቻውን ያገኘሁት በማግስቱ ሐይቁ አጠገብ ነው፤ ፈረሱን ውኃ ሲያጠጣ። መሸሽ አልቻለም፤ እኔም መተው አልቻልኩም።

«ጋሼ፣ ለምን አልጠየቁኝም?» አልኩት። «አንዲት ቃል። ትናገራለህ ወይ ቢሉኝ ምን ነበረበት?»

የፈረሱን ልጓም እንደያዘ ወደ እኔ ዞረ። ሲናገር ከዚያ ሁሉ ሳምንት በኋላ አንተ አለኝ፤ እኔም ለዚያ ስል ቁጣውን ወደድኩት።

«ምን ልጠይቅህ? ሰው የሚጠይቀው ያልሰማውን ነው። እኔ ሰምቻለሁ። ራሴ ነኝ ቃልህን ለሰው ያደረስኩልህ።»

«ሹማምንቱ እያዩኝ ስለነበረ ነው። አፌ ነው እንጂ ልቤ አይደለም። እምላለሁ!»

«አትማል» አለ። «ስምንት ወር አብረን በላን። አንድ ቀን ስትዋሽ አልሰማሁህም። ይህ ከብት ይሞታል ካልክ ይሞታል፤ ይድናል ካልክ ይድናል። ስለዚህ አስረው ነበር ስትል አመንኩህ። ያመንኩህ ስለናቅሁህ አይደለም፤ ስላከበርኩህ ነው።»

«ውሸት ነበር» አልኩ።

«እሺ፣ ውሸት ይሁን» አለ። ፈረሱን ከውኃው አወጣ። «ታዲያ ምንም አላየሁም ያልከኝ ቀንስ? የትኛው ቀን እንደምትዋሽ እኔ በምን ልወቅ?»

መልሴን ሳይጠብቅ ፈረሱን ይዞ ወደ ቤት ሄደ። ቤት ስደርስ እንደገና «እርስዎ» አለኝ።

እዚያ ቤት አንድ ዓመት ጨመርኩ። ሌላ ቤት ልፈልግ ብል ደግሞ «ምን በደልንዎ?» ይሉኛል ብዬ አልወጣሁም። እህቱ እዚያው ቀረች፤ የሰው ቤት እንጨት ለቅማ፣ የሰው ውኃ ቀድታ። በየወሩ ለዳንግላ የምልከው ሪፖርት ላይ «ከቆላ የወጣ ከብት አላጋጠመኝም» እያልኩ ፈረምኩ። ያን ሁሉ ወር መንግሥትን የዋሸሁት ለጋሼ ብዬ ነው። አንድ ቀን ከሪፖርቶቹ የአንዱን ቅጂ ይዤ በሩ ድረስ ሄድኩ፤ ላነብለት፣ ይኸው አልከዳሁዎትም ልለው። ደጃፉ ላይ ቆሜ አሰብኩት። ባነብለት የማረጋግጥለት ነገር አንድ ነው፤ ፊርማዬን አኑሬም መዋሸት እንደምችል። ወረቀቱን አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩት። ምሳ ቀርቦልኝ ነበርና ገብቼ ብቻዬን በላሁ።